ሰው ያለው ወንበር

በእኛ መንገድ ሃያ ሁለት በር፣ ሠላሳ አንድ መኪናና አሥራ ሰባት ማቆሚያ ቦታ አለ። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ ጠብ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ይዞ የሚወጣ ሰው በቦታው አንድ ነገር አስቀምጦ ይሄዳል። ነርሷ የተሰነጠቀ የአበባ ማሰሮ፣ ጡረተኛው ዳኛ አሮጌ ጎማ፣ ፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ መደገፊያው የወለቀ ወንበር። ያንን ወንበር ከመንካት የሰውየውን ጢም መንካት ይቀላል። ባዶ ወንበር ማለት ሰው አለው ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም።

ኋላ ግን አንድ የጥርስ ሐኪም ጥግ ላይ ክሊኒክ ከፈተና ሕጋችን ፈረሰ። ጉንጩ ያበጠ ሰው ወንበር አያከብርም። በአንድ እጁ ጉንጩን ደግፎ በሌላው የዳኛውን ጎማ እያንከባለለ ቦይ ውስጥ ይጥለዋል።

ይህ ሁሉ የመጣው ሚስቴ ስምንተኛ ወሯን በያዘች ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ስለሆነ ፈርታ ነበር። የጠየቀችኝም አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያን ቀን ከአጠገቤ እንዳትጠፋ።»

«ምን ቆርጦኝ! መኪናዋ በር ላይ፣ እኔ መሪው ላይ» አልኳት።

አንድ ማክሰኞ ቀን እግዜር ይስጠውና ልክ በራችን ላይ ቦታ ተገኘ። መኪናዋን አቆምኩ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሳምንት ንቅንቅ አላደረግኳትም። እኔ በአውቶቡስ ተጋፍቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ሚስቴ ለምርመራ በእግሯ ሽቅብ ትወጣለች።

«መኪና እያለን?» ስትለኝ፣

«መኪናዋ ለዋናው ቀን ናት» እላለሁ።

ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡት አማቴ በመስኮት አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ታማለች እንዴ?» አሉ። ልብስ ሰፊው ግን ነገረኛ ነው። «መምህር፣ ሐውልት አደረግሃት እኮ! መቼ ነው የምትመረቀው?» አለኝ። ኮስተር ብዬ አለፍኩትና ለሦስት ሳምንት ዘጋሁት።

ዋናው ቀን ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሚስቴን ደግፌ አወጣኋት፤ አማቴ ሻንጣውን ይዘው ተከተሉን። ቁልፉን አዞርኩ። ዝም። ደግሜ አዞርኩ። ባትሪው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሞቷል።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከቤቱ ወጣ። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም። የራሱን መኪና በር ከፍቶ፣ «ነይ እህቴ፣ ግቢ» አላት። አማቴም ገቡ። እኔም ልገባ አንድ እግሬን እንዳነሳሁ ከጥጉ አንዲት ቀይ መኪና ብቅ አለች፤ ሹፌሩ ጉንጩን ይዟል። ልብስ ሰፊው ሞተሩን አስነስቶ ዞር ብሎ ቦታውን አየ። አስተያየቱ አንጀቴን በላው። ሚስቴን ሊያደርስልኝ የተነሳ ሰው ቦታውን ይጣ?

«አንተ ሂድ! ቦታህን እኔ እጠብቃለሁ፤ በታክሲ እደርሳለሁ» አልኩት።

ሚስቴ በመስኮቱ አየችኝ። «አትመጣም?»

«አምስት ደቂቃ!»

ወንበሩን ቦታው መሀል አድርጌ ተቀመጥኩበት። ባለ ቀዩን መለስኩት። ልነሳ ስል ሌላ መጣ። እሱንም መለስኩ። ቀደም ብዬ የመለስኩት አንድ ሰውዬ መንጋጋውን አስነቅሎ ሲያልፍ በጥጥ በተሞላ አፉ ሰደበኝ፤ እኔም አልማርኩትም። የልብስ ሰፊው ሚስት ከገበያ ስትመለስ አስረክባታለሁ እያልኩ፣ አንዱን ብቻ መልሼ እሄዳለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼም ነበር። ዘጠኝ መኪና መልሻለሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ነው።

«መምህር፣ እንኳን ደስ ያለህ! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው። 'አባት የታል?' ሲሉኝ ምን ልበላቸው? እኔው ታቀፍኳት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቦታዬስ?»

«አለ» አልኩት።

ያኔ ነው ወንበሩን ጥዬ የሮጥኩት።

ሆስፒታል ክፍሏ ስደርስ ሚስቴ ልጃችንን አቅፋ ተኝታለች። አማቴ ጉልበታቸውን እያሹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አልጋው አጠገብ መደገፊያው ደህና የሆነ ወንበር ባዶውን ቆሟል።

«እማማ፣ ምነው አይቀመጡም?» አልኳቸው።

አማቴ ወደ ልጃቸው አዩ። ሚስቴ ዓይኗን ከሕፃኗ ላይ ሳታነሳ መለሰችልኝ።

«እኔ ነኝ የከለከልኳት። ነርሶቹም ሊወስዱት ነበር። ሰው አለው፣ አሁን ይመጣል አልኳቸው። አራት ሰዓት ሙሉ።»

ወንበሩን በሁለት እጄ አንስቼ ለአማቴ ሰጠኋቸው፤ እኔ ቆምኩ።