የተከመረ ድንጋይ ይፍረስ

ሥራዬ እርማት ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ከወረቀት መቁረጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስህተት ስፈልግ ኖሬአለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ስህተት ማየት እንደ ማሳከክ ነው፤ አንዴ ከጀመረ አይለቅም። ባለቤቴ ሰርግ ስንጠራ የጥሪ ወረቀቱን ቀድማ ትደብቅብኛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በበጎ ፈቃደኝነት ሸለቆውን እጠብቅ ነበር። ከከተማው በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ግራና ቀኝ ቀይ ገደል፣ መሐሉ የደረቀ የጎርፍ መውረጃ፣ ገደሉ ላይ የጥንት ሰዎች የሣሏቸው እንስሳት፣ ከሥሩ የፈራረሱ የድንጋይ ቤቶች። የሕዝብ መሬት ነው፤ ማንም መጥቶ ያያል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው "ማንም" የሚለው ነበር።

የጎብኚ ጥፋት ዓይነቱ ብዙ ነው። ሥዕሉን በጣቱ ይከተላል፤ የእጁ ወዝ ቀለሙን እንደሚበላው አያውቅም። የጥንት ግድግዳ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያራግፋል። የሸክላ ስባሪ ያነሳና "ይቺ አንዷ ምን ታጎድላለች" ብሎ ኪሱ ይከታል። ከመንገዱ ወጥቶ ያንን ጥቁር፣ ሻካራ የአፈር ቅርፊት ይረግጣል። ቅርፊቱ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አንድ ጫማ ያደቀቀውን ለመመለስ የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል። እኔ ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤው ነበር፤ ላገኘሁት ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ፣ እነግር ነበር። አንዲት ሴትዮ በጥሞና ካዳመጠችኝ በኋላ መተንፈስ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀልድ መሆኑ የገባኝ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ነው።

የቦታው ጠባቂ ጋሼ ናቸው። ስም አላቸው፣ ግን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ የሸለቆው ጥበቃ ኃላፊዋም ጭምር። ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። የእሳቸው አጠባበቅ ለእኔ አጠባበቅ አይመስለኝም ነበር። ሰው ቅርፊቱን ሊረግጥ ሲል ሰላም ይሉታል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል፣ ከዚያ በአሸዋው በኩል ለእግር እንደሚመች ነግረውት አብረውት ይሄዳሉ። ሰውየው መታረሙን እንኳ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሄ ያናድደኝ ነበር። ስህተት ከታረመ ቀዩ መታየት አለበት ባይ ነኝ።

ባለፈው ወር ኃላፊዋ ለጎብኚ የሚታደል በራሪ ወረቀት እንዳርምላት ሰጠችኝ። የሰዉ አዲስ አመል ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከምሮ ፎቶ መነሳት ነው፤ ድንጋዩን ከጥንቱ ፍርስራሽ ያነሳል፣ ክምሩም ሌላውን ተጓዥ መንገድ ያሳስታል። ስለዚህ ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ "ጎብኚዎች በቅርቡ የከመሩት የሚመስል ድንጋይ ካዩ፣ እባክዎ ሳይነኩ ለጠባቂው ይንገሩ፤ ጠባቂው አረጋግጦ ያፈርሰዋል።" ረጅም ነው። መጨረሻው ወደሚቀጥለው ገጽ ተርፎ ገጹን አበላሸው። እኔ "የተከመረ ድንጋይ ይፍረስ" አልኩት። ሦስት ቃል። ኃላፊዋ ቸኩላ ስለነበረች ፈርማ አሳለፈችው፤ ሁለት ሺህ ታተመ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

ወረቀቱ በወጣ በሁለተኛው ቅዳሜ ከላይኛው መታጠፊያ አለፍ ብዬ፣ ጎብኚ የማይደርስበት አለት ላይ፣ የተከመረ ድንጋይ አገኘሁ። ዘጠኝ ድንጋይ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ። እዚህም ደረሱ ማለት ነው አልኩ። ጋሼ ታች ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነበሩ፤ ብጣራ ይሰሙኛል። አልተጣራሁም። ወረቀቱ ይፍረስ ነው የሚለው።

የላይኛውን ሳነሳ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ አዲስ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲገለጥ ጀርባው እንደሚያሰማው ያለ። ድንጋዮቹ ላይ ግራጫ፣ ሽበት የመሰለ ነገር በቅሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል። የሰማሁት እሱ ሲላቀቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሳምንት እንደማይበቅል ማንም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። እጄ ግን ሥራ ጀምሮ ነበር።

ያፈረስኩትም እንደነገሩ አይደለም። እያንዳንዱን ድንጋይ ሽበቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ የሚመስለው ድንጋይ እየፈለግኩ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ቅርፊቱን አልረገጥኩም፤ ከአለት አለት እየዘለልኩ ነው የሄድኩት። ስጨርስ አለቱ ላይ ያለውን አቧራ፣ ዱካዬንም ጨምሬ፣ በደረቅ ቅርንጫፍ ጠረግኩት። ዞሬ ሳይ ምንም አይታይም። እንዲህ የጠራ ገጽ አርሜ አላውቅም።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ አወራኋት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"እና ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትበትን ዋልክ" አለች።

በእሷ አፍ ሲነገር ሥራው ትንሽ ክብደት ቀነሰ።

ማክሰኞ ኃላፊዋ ጠባቂዎቹንም በጎ ፈቃደኞቹንም ቢሮዋ ጠራችን። ግድግዳው ላይ ባለ ቁጥር ካርታ አለ። ቁጥር አሥራ ሰባት ጠፍቷል አለች። ቁጥር አሥራ ሰባት የጥንት ሰዎች ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ ያመለከቱበት የድንጋይ ክምር ነው፤ እንዲህ ካሉት ምልክቶች በሸለቆው ውስጥ ሳይፈርስ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ሰው እንዳይበዛበት ተብሎ በቦታው ጽሑፍ አልተተከለም፤ የሚያውቁት እሷ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያውና ጋሼ ብቻ ናቸው። ባለሙያው ሰኞ ሊለካው ሄዶ ባዶ አለት አገኘ።

ክልሉ የጋሼ ስለሆነ ኃላፊዋ ጠየቀቻቸው። ቅዳሜ ታች እንደነበሩ፣ ወደ ላይ የወጣ ጎብኚም እንዳላዩ መለሱ። ሌባ ይሆናል ያለም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ኃላፊዋ ሐሳብ ያለው ካለ ስትል እጄን አወጣሁ። የማውቀውን ልናገር ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን ሌላ ወጣ። ስለ ሰው ንቀት ተናገርኩ። ስለ ቅርስ ተናገርኩ። ስለ ጥበቃው መላላት ተናገርኩ፤ "መላላት" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተጠቀምኩበት። ከሁሉም ረጅሙን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ የጫማቸውን ክር እያዩ አዳመጡኝ። በመጨረሻ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ከሸለቆው ወጥተው በር ላይ የመኪና ማገጃውን እንዲያነሱና እንዲያወርዱ ተደረገ። ሸለቆውን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቀውታል። ከጥፋት ጋር ጡረታ ሊወጡ ነው።

ያን ዕለት ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት።

"አንተ ነህ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ የጠፋብኝ ድንጋይ የለም።"

ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው "ክምሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ" ይል ነበር። ደረቀብኝና አረምኩት። ሁለተኛው "በእኔ በኩል ክምሩ ፈርሷል" ሆነ። ሦስተኛው "በተፈጠረው አለመግባባት ክምሩ ሊፈርስ ችሏል"። በአራተኛው ሰውም ድንጋይም አልቀረም፤ የሆነ ቦታ አንድ ነገር ተከስቷል፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ያዝናሉ። በቋንቋ በኩል እንከን አልነበረበትም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቀድጄ ጣልኩት።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ጋሼ በሩ አጠገብ፣ በቆርቆሮዋ የጥበቃ ቤት ጥላ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም አሉኝ፤ ከባለቤቴ ጀምረው የቤቱን ሰው ሁሉ ደህንነት ጠየቁኝ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

"ጋሼ፣ ቁጥር አሥራ ሰባትን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ወጥተው አይተውት ኖሯል። ሌባ ዱካውን አይጠርግም፣ ይሮጣል አሉኝ። ጎብኚም አይጠርግም፣ ለምን ብሎ። ቅርንጫፍ ይዞ አለት የሚጠርግ እሳቸው የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው። መኪና መጣ። ተነስተው ማገጃውን አነሱ፣ ሾፌሩን ሰላም አሉ፣ ማገጃውን አወረዱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

"ስብሰባው ላይ እጅህን ስታወጣ ልትናገር ነው ብዬ ነበር" አሉ። "ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።"

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ኃላፊዋ ቅዳሜም ትገባለች። ቆሜ ነገርኳት፤ ደብዳቤ ስላልያዝኩ አጭር ነበር። አልጮኸችም። እስከዚያ ቀን አንተ ትለኝ ነበር።

"ማን አፍርሱ አለዎት?" አለችኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለውን በራሪ ወረቀት አሳየኋት። አነበበችው። ሦስት ቃል ስለሆነ ጊዜ አልወሰደባትም። ከሥር የራሷ ፊርማ ያለበትን ረቂቅ ከመሳቢያ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችውና ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም መስኮቱን አየን። ሦስት መቶ ያህሉ ታድሎ ሄዷል፤ የት የት ምን እያስፈረሰ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የቀረውን ወስጄ ያቺን መስመር አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ሰርዤ መለስኩ። ጋሼ በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ወደ ሸለቆው ተመለሱ፤ ነፃ የሚያደርጋቸውንም ወረቀት ኃላፊዋ እኔ ፊት ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው መጥቶ አለቱ ላይ ይዞኝ ወጣ። ጋሼም አብረውን ነበሩ። ከታች የነበረው የትኛው ነው አለኝ። አላውቅም። ከላይ የነበረውስ? አላውቅም። ዘጠኙንም በእጄ አንስቻለሁ፣ አንዱንም አላየሁትም። ያየሁት ስህተት ነበር። ጋሼ ግን ያውቃሉ፤ የሥረኛው ጠፍጣፋ መሆኑን፣ ሦስተኛው ነጭ መስመር እንደነበረው፣ የላይኛው ወደ ምንጩ አቅጣጫ ጠቆም ያለ እንደነበር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩ። ስንፈልግ አመሸን። ሁለት አገኘን። ባለሙያው ወገቡን ይዞ ቀና አለና አበታተኔ ግሩም እንደሆነ ነገረኝ። እየቀለደ አልነበረም።

ሁለቱን ከምሬ ልጀምር ስል ተዋቸው አለኝ። "እኛ ከከመርነው የኛ ክምር ነው የሚሆነው።"

ስንወርድ ለጋሼ ከእንግዲህ እንደማልመጣ ነገርኳቸው። የምመጣበት ፊት የለኝም አልኩ። ትንሽ እንደሄድን መለሱልኝ።

"ቤትህ ቁጭ ብለህ ብታፍር ለሸለቆው ምን ይረባዋል? ቅዳሜ ና፣ አለቱ ጋ ቁም። ሰው ከጠየቀህ ትነግረዋለህ። ካልጠየቀህ ዝም በል።"

አሁን የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ወደዚያ መውጣት ተፈቅዷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜ ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ አንድ ባልና ሚስት መጡ።

"እዚህ ምን አለ?" አለ ባልየው።

"የመንገድ ምልክት ነበር። የጥንት ሰዎች የከመሩት።"

"የት ሄደ?"

"አፈረስኩት።"

ሚስትየው እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ "የሸለቆው ጥበቃ" ተብሎ የተጻፈበትን ሰደርያዬን አየች። ባልየው ለምን አለኝ። ስለ በራሪ ወረቀቱ ጀመርኩ፣ ስለ ገጹ ጥበት፣ ስለ ሰዉ አመል። ሁለቱም በትሕትና እየሰሙኝ ነው። መሐል ላይ አቆምኩ።

"ስህተት መስሎኝ ነው" አልኩ።

ሚስትየው ስልኳን አወጣች፤ ባዶውን አለት ልታነሳው ነው።

"ይቅርታ አባቴ" አለች፣ "ትንሽ ዞር ይሉልኛል?"

የምረግጥበትን አይቼ ዞር አልኩላት።