በሩን ማን ዘጋው

«በሩን ግጥም አርገሽ ዝጊው፣ ብርዱ አጥንቴን ሰርስሮ ገባ» አለች ሳውዳ፣ የፋመውን የከሰል ምድጃ ክፍሉ መሃል እያስቀመጠች።

አጂዳ ግድግዳውን ተደግፋ እንደተቀመጠች ቀና አላለችም። ባሏ ጃፋሊ ከተቀበረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ተምቢሳ በሚባል ሰፈር ውስጥ በተከራዩአት ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ስድስት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተፋፍገዋል፤ ሁሉም እንደሷ ከማላዊ፣ ከሐይቁ ዳር የመጡ ናቸው። ወንዶቹ ደጅ ናቸው። ሻይ ይዞራል፣ ሐሜቱም ከሻዩ እኩል ይዞራል።

«የወጡን ነገር ሰማሽ?» አለች ሳውዳ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ከጩኸት የባሰ ይሰማል። «እማማ ቶኮ የዚያን ለት ማታ አደንጓሬ ልካለት ነበር። በልቶ ተኛ፣ በዚያው ቀረ።»

«አከራይዋ? ምን አደረጋት?»

«ክፍሉን ለአገሯ ሰው ፈልጋው ነው ይላሉ። የጃፋሊ አጎት ቢናሊ አልለቃትም ብለዋል። ከመግሪብ በኋላ ወንዶቹን ይዘው ደጇ ሊሄዱ ነው።»

ወንዶች ተሰብስበው ሰው ደጅ ሲሄዱ ምን እንደሚከተል አጂዳ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት የሄዱበት ቤት ዛሬ አመድ ነው። ያን አደንጓሬ ደግሞ እሷም በልታለች፤ የጠየቃት ግን የለም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጃፋሊ አገር ቤት ሳለ አመስጋኝ ሰው አልነበረም። የሸንበቆው ግድግዳ ንፋስ ያስገባል ብሎ ይነጫነጫል፣ ፀሐዩ ፈጀኝ ይላል፣ ዓሣ ሰለቸኝ ይላል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ጆሃንስበርግ የሰው አትክልት ሊኮተኩት መጥቶ የሐምሌን ውርጭ ሲቀምስ ሌላ ሰው ሆነ። ፀሐይ ትከሻው ላይ ስታርፍ አልሃምዱሊላህ ይላል። አጂዳ ከሥራ ሲመለስ እግሩን የሚነክርበት ሙቅ ውሃ ስታቀርብለት ዓይኑ እንባ ያቀራል። «እዚያ ሀብታም ነበርን እኮ፣ የነገረን ሰው ጠፋ እንጂ» ይላታል እየሳቀ። ያን ሳቅ ለማየት ስትል ሙቀት ከየትም ፈልጋ ታመጣለት ነበር።

የሞተ ዕለትም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጎህ ሲቀድ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት ደጅ ከሰል አቀጣጠለች። ጭሱን እስኪጨርስ ጠበቀች፣ ጭስ ከሌለው ምን ይጎዳል ብላ። አገር ቤት ከሰል የሚነደው ሜዳ ላይ ነው፤ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያስተማራት የለም። ምድጃውን አስገብታ ከራስጌው አኖረችለት፣ በሩን ዘጋች፣ ብርድ እንዳያልፍ ሽርጧን ከበሩ ሥር ወሸቀች። ከመውጣቷ በፊት በእንቅልፍ ልቡ «አልሃምዱሊላህ» ሲል ሰምታዋለች። ሙቀቱ ደርሶት ነበር።

ሐኪሙ ለብቻዋ ነግሯታል። የከሰሉ አየር ነው፣ አይታይም፣ አይሸትም አላት። ለማንም አልተናገረችም፤ ባሏን የገደለች የሚለው ስም እስከ መቃብሯ እንደሚከተላት ገብቷታል።

«ራሴን ወቀረኝ» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«ለቅሶው ነው» አለች ሳውዳ እያዛጋች። «እኔንም እንቅልፍ ተጫጭኖኛል።»

ጥግ የተቀመጠችው አራስ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ የዋለ ልጇን አጎንብሳ አየችው። «ተመስገን፣ ሙቀቱ ተስማማው። ዝም አለልኝ።»

አጂዳ ቀና ብላ ሕፃኑን አየችው፤ ከዚያ ክፍሉ መሃል የፋመውን ምድጃ። እጁ ዝልፍልፍ ብሎ ከእናቱ ጭን ወርዷል። ተነስታ የሴቶቹን ጉልበት እየተሻገረች በሩን በረገደችው።

«ዝጊው እንጂ፣ በብርድ ልትፈጂን ነው?» አለች ሳውዳ።

«ልጁን ይዛችሁ ውጡ። ሁላችሁም ውጡ።»

ፊቷን አይተው ወጡ። ደጅ አጎት ቢናሊ ወንዶቹን ሰብስበው ቆመዋል፤ አንዳንዱ ዱላ ይዟል።

«ምነው ልጄ?» አሏት።

«እማማ ቶኮ ደጅ አይሂዱ፣ አጎቴ። ወጡን እኔም በልቻለሁ። ጃፋሊን የገደለው የከሰሉ አየር ነው፣ ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ከሰል? ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዳይበርደው ብዬ።»

ከአጎት ቢናሊ ኋላ የቆመ አንዱ ዱላውን ቀስ ብሎ ቆርቆሮው ላይ አስደገፈ። የሰደባት የለም፣ አይዞሽ ያላትም የለም።

ያን ጊዜ ሕፃኑ ብርዱ ፊቱን ሲመታው ሰፈሩን የሚሞላ ጩኸት ለቀቀው፤ እናቱ እዚያው ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። አጂዳ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ብርዱ ደረቷን ሞላው። ጣማት። መጣሙ አሳፈራትና አፏን በሻሿ ጫፍ ከደነች።