ፌንጣዎቹ ዝም ያሉበት ሁዳዴ

ድምፃቸው እየቀነሰ መምጣቱን መጀመሪያ ያስተዋሉት የባለቤቴ እናት፣ እማማ አሰገደች ናቸው። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ጠዋት ምስር ሲለቅሙ ቆዩና በአገጫቸው ወደ ቬራንዳው እያመለከቱ፣ «አዝማሪዎችሽ ምን ነካቸው?» አሉኝ።

አዝማሪዎቹ ፌንጣዎች ናቸው፤ ሣር ላይ የሚዘሉት አረንጓዴዎቹ ሳይሆኑ፣ ሲመሽ ክንፋቸውን እያፋተጉ የሚጮኹት ቡናማዎቹ። የእኔም አልነበሩም። ባለቤቴ እሸቴ እዚህ ጅቡቲ፣ ዶራሌ በሚባለው ወደብ፣ ነዳጅ ማራገፊያው ላይ ቴክኒሻን ነበር። መስከረም ላይ ከኢትዮጵያ የመጣ የአንድ ቦቴ የጎን መስታወት ላይ እስስት ተጣብቃ አገኘና በምሳ ዕቃው ይዟት ገባ። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ነፋስ ሳትወድቅ እንዴት እንደመጣች ሲያስብ ሰነበተ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካልሆነ እንደማትበላ ሲረዳ ደግሞ፣ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ካለ አሮጌ ዳቦ ቤት ምድጃ ሥር ፌንጣ ለቃቅሞ በፕላስቲክ ሳጥን ማርባት ጀመረ።

ታኅሣሥ ላይ እሸቴ ሞተ። ሳጥኑ እኔ ጋ ቀረ።

እሱ ሲያደርግ ያየሁትን አደርግ ነበር። ፉርሽካ እጨምራለሁ፤ ካሮት ከትፌ እሰጣለሁ። ውኃ በሳህን ከተቀመጠላቸው ገብተው ስለሚሞቱ ጥጥ ነክሬ አኖርላቸዋለሁ። የሚደበቁበት የእንቁላል ካርቶን በውስጡ ቆሟል፤ በአንድ ጥግ ደግሞ እንቁላላቸውን የሚጥሉበት እርጥብ አሸዋ አለ። ሳይንስ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገርን ማየት ልማዴ ነው፤ ያም ሆኖ እሱ በሕይወት ሳለ ወደዚያ ሳጥን ጎንበስ ብዬ አላውቅም። አሁን ሳየው ውዬ ባድር አይሰለቸኝም።

እማማ ከምስራቸው ሳይነሱ የተናገሩት ነገር እውነት መሆኑን ክዳኑን ስከፍት አየሁ። ቁጥራቸው ጎድሏል። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሬሳ አለመኖሩ ነው። ያለው ክንፍ ነው፤ እግር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻውን የቀረ ጭንቅላት ነው። በሕይወት ካሉትም ክንፉ ግማሽ ድረስ የተቆረጠ ብዙ ነበር። ክንፍ የሌለው ወንድ መጮህ አይችልም። ዝምታው ይኸው ነበር።

ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ምትክ አልነበረኝም። ዳቦ ቤቱ አሮጌውን ምድጃ አፍርሶ በኤሌክትሪክ ከተካው ወዲህ ፌንጣ የለበትም፤ ሄጄ ጠይቄ፣ ባለቤቱ እየሳቀ መልሶኛል። ዝንብ ሞከርኩ። እስስቷ ሁለት ሦስቱን ትይዝና ዓይኗን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ሌላ ትጠብቃለች። ጎኗ እየጎደጎደ ነበር። እሸቴ ቤት ያመጣት፣ በእሸቴ እጅ መብላት የለመደች እንስሳ በእኔ እጅ በረሃብ እንድትሞት አልፈለግሁም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያ ጉንዳን ጠረጠርኩ። ሳጥኑን በርጩማ ላይ አውጥቼ የበርጩማውን እግሮች ውኃ በሞሉ ጣሳዎች ውስጥ አቆምኩ። አንድም ጉንዳን ሳይሻገር መጉደሉ ቀጠለ። ከዚያ ካሮቱን ጠረጠርኩ፤ ምናልባት መድኃኒት ተረጭቶበት ይሆናል ብዬ ልጬ መስጠት ጀመርኩ። ይህም ለውጥ አላመጣም። መድኃኒት የገደለው ደግሞ እግሩን ጥሎ አይጠፋም።

ጎረቤታችን ዓዚዛ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ሐረር ተወልዳ ጅቡቲ ያረጀች ሴት ናት። ጣሳዎቹን አይታ ለበርጩማ እግር የምታጥብ ሴት እንዳላየች ተናገረች። ከዚያ ቁጭ ብላ ስለ ድመቷ ማማረር ያዘች። ሌላ ጊዜ እኛ ደጅ ካልዋለች አይሆንላትም፤ ሰሞኑን ግን ብቅ አትልም።

«ታውቃለች» አለች ዓዚዛ። «ሁዳዴ ሲገባ እናንተ ቤት አጥንት የለ፣ ዓሣ የለ። እዚህ የቀሩት መውጫ ያጡት ብቻ ናቸው፤ እነዚህ ፌንጣዎችሽና አንቺ።»

እማማ ከውስጥ ሰምተው፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ የአንቺን ቤት እናያለን ብለው መለሱላት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ፣ «መውጫ ያጡት» ያለችውን አሰብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ያየሁት ነገር ቀሪውን ነገረኝ። አንድ ፌንጣ ካርቶኑ ላይ ተሰቅሎ ቆዳውን እየጣለ ነበር። ከአሮጌው ቆዳ የወጣው ገላ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ከመለስለሱ የተነሳ ውስጡ የሚታይ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ሌሎቹ መጡ። አንዱ ክንፉን ያዘ፣ ሌላው ሆዱን። ሊሸሽ አልቻለም፤ እግሮቹ ገና አልጠነከሩም። እዚያው ዓይኔ እያየ በሉት።

የሚበላሉት የሥጋ ወገን ምግብ ስላጡ ነው ብዬ ደመደምኩ። እኛ ቤት ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ይወጣል፤ እማማ የፍስኩን ድስት በሙሉ ፈትገው አጥበው ከመደርደሪያው ላይ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ከፉርሽካውና ከካሮቱ ሌላ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ከእኛ ማዕድ የተረፈው ነበር። ሳናስበው አብረውን ጾሙ።

አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ። በነቢያት ጾምም ቤታችን እንዲሁ ነበር፤ ፌንጣዎቹ ያኔ አልተበላሉም። እንዲያውም ከዚያ በላይ የጮኹበትን ጊዜ አላስታውስም። ከሰዓት ተመልሼ ይህንኑ ለእማማ አነሳሁላቸው፤ እንደ ጥያቄ ሳይሆን፣ ለራሴ እንደማወራ። ምስሩን ገፋ አደረጉት።

«ልጄ ነቢያትን ጾሟል ብለሽ ነው?» አሉ።

የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሥራ ቦታ እንቁላል ይበላ ነበር። የተረፈውን በመሐረብ ጠቅልሎ በኪሱ ያመጣና፣ እኔን ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ቬራንዳ። የማላይ ይመስለዋል።»

መሐረቡን እኔም አይቻለሁ። ዘይት የነካ ቢጤ ስለነበር ከማሽን የመጣ መስሎኝ ለብቻው አጥበው ነበር። እማማ ማወቃቸውን እሱ ያውቅ እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈለግሁና ተውኩት።

«እና አሁን እንቁላል ነው የሚፈልጉት?» አሉኝ።

«ትንሽ ይበቃቸዋል፣ እማማ። ግን እዚህ ቤት፣ በሁዳዴ፣ እርስዎን…»

«እነሱ አልተጠመቁም» አሉና ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

የተመለሱት ከዓዚዛ ቤት አንድ እንቁላል በእጃቸው ሸሽገው ነው። ድስት አላስነኩትም። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልገው፣ ከሰሉን ቬራንዳው ላይ አውጥተው እዚያ ቀቀሉት። ሲልጡት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው ነበር። ሽታው እንዳይደርሳቸው ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

«አስኳሉን ነው ነጩን?»

እኔም እንደማላውቅ ነገርኳቸው። እንየው አሉ። ሁለቱን በጣቴ አድቅቄ በአንድ ክዳን ላይ በግራና በቀኝ አስቀመጥኩና ወደ ሳጥኑ አወረድኩት። እስስቷ እሸቴ ቬራንዳው ላይ ካቆመላት ቅርንጫፍ አንድ ዓይኗን ወደ እኛ፣ አንዱን ወደ ሳጥኑ አደረገች። እማማ ወደ እነዚያ ነፍሳት ተጠግተው አያውቁም፤ ያን ዕለት መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ አጎነበሱ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልወጣም። ከዚያ ከካርቶኑ ጉድጓድ ሁለት ረጃጅም አንቴናዎች ብቅ አሉ፤ አየሩን ሲዳስሱ ቆዩ። የመጀመሪያው ወጣ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሁሉም ወደ አስኳሉ።

«እንዲያ ነው» አሉ እማማ። «እሸቴም ልጅ ሆኖ ነጩን ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የሚተወው።»

ከዚያ ወዲያ ቆዳ የሚጥሉት በሰላም ጥለው፣ ነጭነታቸው ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ሲዞር አየሁ። ለእስስቷ ፌንጣ ስሰጣት ምላሷ ሲወረወር በዓይኔ ልከተለው ሞክሬ አንድም ቀን አልቻልኩም። ጎኗ ሞላ።

ሆሣዕና ሲቃረብ ከወንዶቹ አንዱ ሙሉ ክንፍ አወጣ። ጠዋት እማማ ጩኸቱ እንቅልፍ እንደነሳቸው አማረሩ። ሳጥኑን ወደ ጓሮ ላውጣው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ተዪው፣ ይጩህ» ብለው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።