በያጁ የሠራው የተክል መቆሚያ

በያጁ በሚስቱ ወንድም ፊት «አላውቅም» ከሚል ብረት በጥርሱ ቢያጥፍ ይመርጣል። ነገሩ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ነው። ያ ሰው እንግዳ በሞላበት «እህቴን ለጢስ ዳርናት» ብሎ ቀለደ። የሳቀው ሁሉ ረስቶታል፤ የተሳቀበት ይረሳል እንዴ?

አሁን ደግሞ ለጥየቃ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ያለውን ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እቱ፣ የዚህ ቅጠል ፈሳሽ አፍ ይለበልባል። ድመቷ ካኘከችው አለቀላት። ለሰው ስጪው።»

የሚስቱ ፊት ጠቆረ። ከአንዲት ቁራጭ ቅጠል ያሳደገችው ነው። ድመቷ ጥጥ ደግሞ የልጃቸው ናት። ልጅቱ ትዳሯ ፈርሶ ከተመለሰች ወዲህ ለእናት ለአባቷ ያልተነፈሰችውን የምታወራው ለጥጥ ብቻ ነው።

«በያጅ ያለበት ቤት ተክል ለሰው አይሰጥም!» አለ በያጁ። «ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ድመት እኮ ናት፤ ዶሮ አደረግካት እንዴ? ትወጣለች።»

«እናያለን!»

ከራሱ ቁመት የሚበልጥ መቆሚያ በየደ። ባዶ ቧንቧ ቢተወው ያ ሰው «የመብራት ምሰሶ ነው?» እንደሚለው ያውቃል። ስለዚህ ቀጭን ብረት እያጠፈ፣ ከእግሩ እስከ ጫፉ ግራና ቀኝ በሐረግ አስጌጠው። ሚስቱ አጨበጨበች።

በማግስቱ ሁለቱም ሴቶች በሌሉበት፣ ሳሎን ገብቶ መሬት ላይ የተቦጨቀ ቅጠል አገኘ። ቀና አለ። ባልሞረደው ብየዳ ላይ፣ በየሐረጉ፣ ነጭ ፀጉር ተጠምጥሟል። ጌጥ ብሎ የበየደው ለካ መሰላል ኖሯል።

ጥጥ ከፍሪጁ ጀርባ ነበረች፤ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ አፏን በመዳፏ ትፍቃለች። አፏን በእርጥብ ጨርቅ ጠራረገ፤ መዶሻና መሮውን ወለሉ ላይ ዘርግፎ በመሣሪያ ቦርሳው ይዟት በረረ።

«ምን በላች?» አለች የእንስሳት ሐኪሟ።

«ቅጠል።»

«የምን ቅጠል? ስሙን ይንገሩኝ እንጂ አባቴ!»

ሚስቱ ጋ ደወለ፤ አታነሳም። ድመቷ ስትተነፍስ ጉሮሮዋ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል። ልጁ ከሥራ ገብታ «ጥጤ» እያለች ስትጣራ ታየው። የቀረው አንድ ስልክ ነው።

«ያ ተክል…» አለ፤ «ስሙን አላውቅም።»

በያጁ ጥርሱን ነክሶ የሰውየውን ሳቅ ጠበቀ።

«ትተነፍሳለች?» አለ የሚስቱ ወንድም። «ለሐኪሟ አቀብላት!»

ሐኪሟ የተክሉን ስም ሰምታ ድመቷን መርፌ ወጋቻት። «የአፏ እብጠት ወደ ታች ካልወረደ ትተርፋለች» አለች ሐኪሟ። በያጁ የድመቷን ጎን እያየ፣ እሷ ስትተነፍስ እየተነፈሰ ቆየ። አጎቷ የደወለላት ልጁ እየሮጠች ስትገባ አንገቱን ደፋ። እሷም አላየችው፤ ጥጥ አጠገብ ተንበረከከች። ብዙ ቆይቶ ድመቷ ከልጅቱ ጣት ላይ ውሃ ላሰች።

ማታውን የሚስቱ ወንድም ሳሎን መጥቶ መቆሚያውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ብየዳው ግን ያምራል» አለ።

ምጸት ይሁን ምስጋና በያጁ ሊለየው አልቻለም።

«ተክሉን ይዘህ ሂድ» አለው። «ብረቱን ግን አትንካ፤ ጥጥ ትውጣበት።»