እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው

አማቴ ኤፋት ኻኖም የዜግነት ፈተናውን የወደቁት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የሰፈራችን የሬሲዳ ሰው ሁሉ "ምስኪን፣ ትምህርቱ ከብዷቸው ነው" እያለ ሲያወራ ሰምቼ ደሜ ፈልቷል። ሴትዮዋ ሺራዝ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ ናቸው። የፈተናውን መቶ ጥያቄ በሁለት ሳምንት እንደ ውሃ ነው የጠጡት። እንግሊዝኛቸውም ከኔ ይሻላል። እኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃያ ዓመት መኪና መንዳት ሳስተምር አጣርቼ የማውቀው እንግሊዝኛ "ብሬክ ያዝ" እና "ልትገድለኝ ነው?" የሚለውን ብቻ ነው።

የወደቁት በይሉኝታ ነው።

ፈታኙ ወጣት ልጅ ነበር። "የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ማን ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው "ኧረ እርስዎ እያሉ እኔ ምን አውቄ" ይላሉ። ልጁ የሆነ ነገር ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። "ባንዲራው ላይ ስንት ኮከብ አለ?" "እርስዎ ይንገሩን እንጂ፣ የኔ ዕውቀት ዕውቀት ሆኖ ነው?" ይጽፋል፣ ያልፋል። አምስት ጥያቄ እንዲህ አለፈ፤ ከአሥሩ ስድስት ካልመለሱ ስለማይታለፍ ስድስተኛ አላስፈለገም።

"ሁለተኛ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ" አሉኝ መኪና ውስጥ ገብተው። "በሦስተኛው ልመልስለት ነበር። ልጁን ማን እንዳሳደገው እንጃ፣ አንዴ ጠይቆ ዝም።"

መሪውን ይዤ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈስኩ። ለተማሪዎቼ የምመክረው እንደዚያ ነው፤ ለኔ ግን ሠርቶ አያውቅም።

እኛ ኢራናውያን እንዲህ ነን። ሻይ ስታቀርብልን አንዴ እምቢ እንላለን፣ ሁለቴ እምቢ እንላለን፣ በሦስተኛው "እንግዲህ ካስቸገርከኝ" ብለን እንቀበላለን። ታሮፍ እንለዋለን። አንድ ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ በአራቱም አቅጣጫ የኛ ሰዎች ደረሱ። አራቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እርስዎ ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ" ሲባባሉ፣ ተማሪዬ የከፈለበትን ሰዓት እዚያው ቆሞ ጨረሰ።

የአማቴ ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። እናታቸው ቢቢ ጎል ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሺራዝ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከኤፋት ኻኖም ሌላ ልጅ የላቸውም። እናትን ማምጣት የሚችለው ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው፤ ግሪን ካርድ ለዚያ አይበቃም። አማቴ የቀራቸው አንድ ዕድል ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ። ያንን ከወደቁ ማመልከቻው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ቢቢ ጎል ከሀ የሚጀመር ነገር የሚጠብቁበት ዕድሜ ላይ አይደሉም።

ሐሙስ ሐሙስ ይደዋወላሉ። "እማዬ፣ ደህና ነሽ?" ሲባሉ ቢቢ ጎል "ደህና ነኝ" ይላሉ። "እውነት?" ሲባሉ "እንደ አንበሳ" ይላሉ። "በሞቴ?" ሲባሉ ነው "እንዲያው ጉልበቴን ትንሽ" ማለት የሚጀምሩት። መስመሩ ደግሞ ሁልጊዜ ከሁለተኛው በኋላ ይቋረጣል። አማቴ ስልኩን ይዘው ሲቀሩ ማየት አንጀት ይበላል።

እውነቱን ልናገር። እኔ ቢቢ ጎል እንዲመጡ ያን ያህል አልቸኮልኩም። ቤታችን ሦስት ክፍል ነው። አንዱ የኔና የሚስቴ የናስተራን፣ አንዱ የአማቴ ነው። ሦስተኛው ሶፋዬና ቴሌቪዥኔ ያሉበት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሊገድለኝ ሲሞክር ውዬ ገብቼ በሩን የምዘጋበት ነው። ቢቢ ጎል ሲመጡ የት እንደሚያርፉ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቢሆንም አማቴን በይሉኝታ ብቻ ሁለተኛ ወድቀው ማየት አልቻልኩም። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ሲወድቅብኝ ያመኛል።

"ከዛሬ ጀምሮ" አልኩ እራት ላይ፣ "እዚህ ቤት ማንኛውም ነገር አንዴ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ኤፋት ኻኖም፣ እርስዎ ዓይንዎን በጨው ይታጠባሉ።"

"እናቴን በዚህ ዕድሜዋ ባለጌ ልታደርጋት ነው?" አለች ናስተራን።

"ለሁለት ወር ብቻ።"

"አንተ ራስህ ትናንት ከጎረቤታችን ጋር 'ይግቡ፣ ይግቡ' ስትባባል ሩብ ሰዓት በር ላይ ቆመህ አልነበር?"

"እኔ ዜጋ ነኝ" አልኳት። "እኔ እችላለሁ።"

ከሩዝ ድስት ሥር የሚወጣውን ወርቃማ ቅርፊት አማቴ እንደሚወዱት የማያውቅ የለም። ሳህኑን አነሳሁና "ኤፋት ኻኖም፣ ቅርፊት ላውጣልዎት?" አልኩ።

"ኧረ እናንተ ብሉት።"

"እሺ" ብዬ ለራሴ አወጣሁ። ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ። አማቴ ሰው የገደልኩ ይመስል አፈጠጡብኝ። ናስተራን ጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ በላሁት።

አራት ቀን ያለ ቅርፊት፣ ያለ ሁለተኛ ሻይ፣ ያለ ፍራፍሬ ቆዩ። ቀሚሳቸው ወገባቸው ላይ ሰፋ። በአምስተኛው ቀን "ኤፋት ኻኖም፣ ቅር..." ብዬ ሳልጨርስ ሳህኑን ከእጄ መነተፉኝና ወደ ክፍላቸው ይዘውት ገቡ። የድስቱ ቅርፊት ሁሉ ነበር። ደስ አለኝ፣ ራቴንም ሳልበላ አደርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሠርጌን ኮት ለብሼ ፈታኝ እሆን ነበር።

"ስምዎት?"

"የርስዎ አገልጋይ ኤፋት።"

"አገልጋይ የለም።"

"ኤፋት" አሉ፣ ራቁታቸውን የቆሙ ያህል እየተሸማቀቁ።

"አገሪቱ ብትጠራዎት የጦር መሣሪያ ይይዛሉ?"

"እሺ፣ በዓይኔ። ግን እርስዎ ይቅደሙ።"

በሰባተኛው ሳምንት ትምህርቱ ገባቸው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባቸው። ኢራጅ የሚባል የደረቅ ፍሬ ሻጭ አለ፤ ለመክፈል ገንዘብ ስትዘረጋለት እንደ ማንኛውም የኛ ባለሱቅ "ኧረ ምን ዋጋ አለው፣ ይውሰዱት" ይላል። ሲል ኖሯል፤ አባቱም ሲል ኖሯል። አማቴ አንድ ከረጢት ፒስታቺዮ አስመዝነው፣ ኢራጅ እንደ ልማዱ "ይውሰዱት" አላቸው። "አመሰግናለሁ" ብለው ወጡ። ሰውዬው ሚዛኑን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ውጪ ስጠብቃቸው ነበርና ልከፍል ሮጬ ገባሁ።

"ሞቼ እገኛለሁ አልቀበልም" አለ ኢራጅ፣ ላቡ እየወረደ።

"እኔ ሞቼ እገኛለሁ ሳልከፍል አልወጣም።"

እሱ ወደ ኪሴ ሲከት እኔ ወደ ኪሱ ስከት የሸሚዙ ኪስ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ውጪ አማቴ የመኪናውን ክላክስ ይዘው፣ ፒስታቺዮ እየፈለቀቁ፣ "ሆርሞዝ፣ አንዴ ነው የሚጠየቀው!" ይላሉ። ሰው ሁሉ ሰማ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። እኔ መጠበቂያው ቦታ ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። ውስጥ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ከራሳቸው ነው፤ እስከ ዛሬ ወደ አርባ ጊዜ ነግረውኛል።

ፈታኟ ሴት ናት። በሩን ከፍታ "ይግቡ" አለቻቸው፤ ሴትዮዋን እንኳ ሳያስቀድሙ ገቡ። "ውሃ ይፈልጋሉ?" አለች። "አዎ" አሉና ግጥም አድርገው ጠጡት። ፕሬዚዳንቱን፣ ኮከቡን፣ ወንዙን፣ የተጠየቁትን ሁሉ ጥያቄው ሳያልቅ መለሱ። ስድስቱን መልሰው "አለፉ" ሲባሉ "ሰባተኛውስ?" ብለው ተቆጡ።

ከዚያ ፈታኟ አንድ ወረቀት አነሳች። "ዛሬ ከሰዓት የዜግነት ቃለ መሐላ ሥነ ሥርዓት አለ። አንድ ቦታ ተገኝቷል። ይፈልጋሉ ወይስ ደብዳቤ ይጠብቃሉ? ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል።"

አንድ ቦታ። የቀረች አንድ ነገር። ለኛ ሰው ከዚህ የከፋ ፈተና የለም፤ የሳህኑን የመጨረሻ ፍሬ የሚነካ ኢራናዊ እስካሁን አልተወለደም። አማቴ አፋቸው ሳያማክራቸው "ኧረ ለሌላ ሰው ይስጡልኝ" አለ።

"እሺ" አለች ሴትዮዋ፣ ወረቀቱንም ወደ መሳቢያው መለሰችው።

"ያኔ" አሉኝ አማቴ፣ "ቅርፊቱን ስትበላ ታየኸኝ። ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ።" ተነስተው መሳቢያው ሳይዘጋ እጃቸውን ከተቱ። ሁለቱ ሴቶች ወረቀቱን ከሁለት ወገን ይዘው ተፋጠጡ። "ውሸቴን ነው" አሉ ኤፋት ኻኖም። "እፈልገዋለሁ። እናቴ አርጅታለች።" ፈታኟ መጀመሪያ ጣታቸውን ከመሳቢያው እንዲያወጡ ለመነቻቸው፤ ከዚያ ፈረመች።

ከሰዓት ማሉ። ናስተራን አለቀሰች። እኔ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሺራዝ ሊነጋጋ ነበር፤ ቢቢ ጎል ለጸሎት የሚነሱበት ሰዓት ነው። አማቴ ደውለው ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት።

"እማዬ፣ ዜጋ ሆንኩ። ወረቀትሽን ነገ አስገባለሁ። ትመጪያለሽ፣ አይደል?"

"ኧረ ተይው ልጄ" አሉ ቢቢ ጎል። "እኔ እዚሁ ይሻለኛል። እናንተን ምን አስቸግራለሁ።"

ኤፋት ኻኖም ፊታቸው አመድ መሰለ። ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ማለት እምቢ ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። "እሺ እማዬ" አሉ ቀስ ብለው። "እንዳልሽ።"

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢቢ ጎል ሁለተኛ እስኪጠየቁ እየጠበቁ ነበር። በክፍሌ በር በኩል የሶፋዬ ጫፍ ይታየኛል። አፌን ዘግቼ መቆየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልዋሽም፣ አስቤዋለሁ። ከዚያ መስመሩ መንጫጫት ጀመረ፤ አማቴም በቀሚሳቸው እጅጌ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ስልኩን ነጠቅኳቸው።

"ቢቢ ጎል፣ ሆርሞዝ ነኝ። በሞቴ ይምጡ።"

"ኧረ አይሆንም፣ ቤታችሁ ጠባብ ነው አሉ።"

"ሰፊ ክፍል አለዎት። ሶፋዬን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።"

"አሮጊት ምን ታደርግላችኋለች፣ ተወኝ ልጄ።"

"ቢቢ ጎል፣ ይኸው ሦስተኛዬ ነው። መስመሩ ሳይቋረጥ ይመልሱልኝ። ካልመጡ እኔው መጥቼ በጀርባዬ አዝዬ አመጣዎታለሁ።"

በረጅሙ ተነፈሱ።

"እንግዲህ ካስቸገርከኝ" አሉ። "አሁን የማወራህ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ነው፤ ልጄ መጀመሪያ ከተፈተነች ቀን ጀምሮ እንደታሰረ ነው። ቶሎ በሉ፣ ጉልበቴን አሞኛል።"