መዳፍ ላይ የወደቀው

ወንድሜ ትሪሎቻን፣ ፓንዲት ማለትም ሊቅ የሚሉት፣ ሰዋስው ሲያስተምር ድምፁ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ለገዛ ምራቱ ግን አንዲት ቃል መተንፈስ አቅቶት ነበር። ልጁ ሎክናት ሰባት ዓመት አብራው የኖረችውን ኢንዱማቲን "አልወለደችልኝም" ብሎ ወደ አባቷ ቤት ሊመልሳት፣ ሌላ ሊያገባ ቆርጧል። ለሰው ዓይን እንዳይከብድ እባቦች የሚመለኩበትን በዓል ጠበቀ እንጂ፣ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በባቡር ሊያሳፍራት ሣጥኗን በገመድ አስሮ ደጃፍ ላይ አስቀምጦታል። እኔ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ወንድሜ ቤት ነኝ፤ ባሏን አጥታ የተመለሰች ሴት ምን እንደምትባል ማንም አይነግረኝም። ሎክናትን ልክ ልኩን ነግሬው ነበር። "አክስቴ፣ አንቺ አርፈሽ ጸሎትሽን ጸልዪ" አለኝ፣ ባለጌ።

ጠዋት ሁላችንም የእባቡ ጉድጓድ ወደሚባለው፣ በደረጃ ወደሚወረድበት የውሃ ጉድጓድ ሄድን። ፓታንጃሊ፣ ያ የጥንቱ የሳንስክሪት ሰዋስው ሊቅ፣ እዚያ ኖሯል ይባላል። ስለዚህ በበዓሉ ቀን ሊቃውንቱ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሲከራከሩ ይውላሉ፣ ሴቶች ወተትና የፈነዳ ሩዝ ያፈሳሉ። ልጅ ያጣች ደግሞ ደረጃውን ወርዳ፣ በመዳፏ ውሃ ቀድታ ለፀሐይ ታቀርባለች። ለምን ቢሉ፣ የሊቁ ስም ነዋ። ጎኒካ የምትባል የተማረች ሴት ዕውቀቷን የምታወርሰው አጥታ፣ በመዳፏ ውሃ ይዛ ፀሐይን ስትለምን ትንሽ እባብ ከሰማይ ወደቀባት። መዳፏ ላይ ሕፃን ሆነ። ፓታንጃሊ አለችው፣ መዳፍ ላይ የወደቀው ማለት ነው። ይህን ለኢንዱ የነገራት ወንድሜ ራሱ ነው፤ ያን ጠዋትም ከሊቃውንቱ ጋር የሚሟገተው የስሙ ትርጉም ይኸው ነው እያለ ነበር።

ኢንዱ ውሃውን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከደረጃው በላይ ካለው የኒም ዛፍ፣ ዝናቡ ካራሰው ቅርንጫፍ፣ አንድ ቀጭን ነገር ወርዶ መዳፏ ላይ ጠብ አለ። ጭራሮ መስሎኝ ነበር። ጥቁር ነው፣ ነጭ ነጭ ቀለበት አለው፣ ይላወሳል። እሷ በመጣል ፈንታ መዳፏን ገጠመችበት።

"ካራይት ነው" አለ አንድ ሰው ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ።

ካራይት የሚባለው እባብ ሲነክስ የትንኝ ያህል እንኳ አያምም፤ የተነከሰው ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት በዚያው ይቀራል። ቀን ቀን ይፈዛል እንጂ ከጨመቁት ማንንም አይምርም። ሰዉ ግን አበደ። አንዷ እግሯ ሥር ተደፋች፣ ሌላዋ ወተት አፈሰሰችላት። "እህቴ፣ እንዳትለቂው፣ ልጅሽ ነው" ይሏታል።

"እናንተ ናችሁ የምትሞቱት?" አልኳቸው። "ዞር በሉ ከፊቴ።" ደረጃውን ወረድኩ። "ኢንዱዬ፣ እጅሽን ክፈቺ።"

"አልከፍትም አክስቴ። ወድቆልኝ መጥቷል።"

"ከዛፍ ነው የወደቀው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።"

"የጎኒካውም ከሆነ ቦታ ነው የወደቀው።"

"ትያትርሽን ተዪና ጣይው" አለ ሎክናት ከላይ። ሊጠጋ ግን አልደፈረም።

ወንድሜ ሰዉን እየገፋ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ልጄ" አለ፣ "የስሙ ትርጉም ሌላም አለ። ሰዎች መዳፋቸውን ገጥመው የሚሰግዱለት ማለት ነው የሚሉ አሉ። እነሱ ናቸው ልክ። እኔ ተሳስቼ ነው የኖርኩት።"

ይህን ያለው ዕድሜውን ሙሉ በተከራከራቸው ሰዎች ፊት ነው። አንዱ ሳቅ አለ፤ ወንድሜ ዞሮም አላየው።

"ሊያድኑኝ ነው እንዲህ የሚሉት" አለች ኢንዱ። "ትርጉሙስ ይቅር። ይህን ጥዬ ወዴት ልሂድ? ሣጥኔ ሲታሰር እርስዎም አይተዋል አባባ። ዝም አሉ።"

በጣቶቿ መሃል የእባቡ ጅራት ወጣ። ስትፈራ ጠበቅ ታደርገዋለች፣ ሲጠብቅበት ይላወሳል። አሁን ነከሳት፣ አሁን ነከሳት እያልኩ ዓይኔን ከጣቶቿ አላነሳሁም።

ወንድሜ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበረከከና የገዛ መዳፎቹን ከመዳፏ ሥር ዘረጋ።

"ጎኒካ የለመነችው ለባል ቤት ወራሽ አይደለም" አለ። "የምታስተምረው ሰው ነው። አንቺ ከበሩ ጀርባ ቆመሽ ትምህርቴን ስትሰሚ ሁልጊዜ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ግቢ አላልኩሽም። ልቀቂው። ከነከሰም እኔን ይንከስ። ቤቱ የእኔ ነው፤ አንቺን ከዚያ የሚያስወጣሽ የለም።"

"አባባ፣ እኛ እኮ ለማገባት ልጅ ቤተሰቦች ቃል ሰጥተናል" አለ ሎክናት።

"ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ። ሂድና እዚያው ኑር።"

ኢንዱ አንዴ ሎክናትን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች። ከዚያ ጣቶቿን ፈታች። እባቡ ወንድሜ መዳፍ ላይ ወደቀ፣ ተጠቀለለ፣ ጭንቅላቱን አውራ ጣቱ ላይ አሳረፈ። እኔ የማውቀውን አምላክ ሁሉ በስሙ ጠራሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ በእጁ አንጓ ላይ ተሳበና በድንጋዮቹ ስንጥቅ ገባ።

የሁለቱንም እጅ አገላብጬ አየሁ። የጥርስ ምልክት የለም። እኔ ደረጃው ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኢንዱ አላለቀሰችም። ሽማግሌውን ትኩር ብላ እያየች፣ "አባባ፣ ይህን ለማለት እባብ እስኪወድቅ መጠበቅ ነበረብዎት?" አለችው።

ወንድሜ ባዶ መዳፎቹን እንደዘረጋ፣ አንገቱን ደፍቶ ተንበርክኮ ቀረ።