ዘጠኝ ፎቅ ወደ ላይ

«ጋሼ፣ ሞቱ» አለች ድምቡሼ።

ሻይ ይዛ በበሩ ብቅ ያለችው ጎረቤት ትሪዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሞቱ የተባለው መሬት ቀያሽ ዞር ብሎ አያት፤ በሕይወት መኖሩን ካረጋገጠላት በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ተጽፏል፤ በረሃብ ሞተሃል ይላል። ሴትየዋ ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ሳሎን ወደተቀመጡት ለቅሶኞች ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ሹክሹክታው በግድግዳው በኩል ይሰማ ጀመር።

«ልጁን ትናንት ቀብሮ…»

«ተይ እንጂ። ሐዘን ሰውን የማያደርገው የለም።»

«እኔ ምን አልኩ? ጌም ነው የሚጫወተው ነው ያልኩት።»

ልጁን የቀበረው ትናንት ነው፤ እውነት ነው። ጌም እየተጫወተ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ቀያሹ ሠላሳ ስምንት ዓመት መሬት ሲለካ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ አጥሩ ገፋ አልገፋ ለሚሉ ጎረቤቶች ሜትሩን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ መስመር አጣሞ አያውቅም።

ድምቡሼ የሟቿ የሥራ ባልደረባ ናት። ሁለቱ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ስድስት ዓመት የሰው ደም መርምረዋል። ድምቡሼ የተባለችው አጥንቷ እስኪቆጠር ቀጭን በመሆኗ ነው፤ ስሙን ያወጣችላት ሟቿ ነበረች። ዛሬ ጠዋት የመጣችው ግን ለቅሶ ለመድረስ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ከነገ ወዲያ እኩለ ቀን ላይ ሰው መጥቶ ይወስደዋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል። ፍላሽ እንዳይቀበል ስለተቆለፈ ከውስጡ ምንም ነገር ገልብጦ ማውጣት አይቻልም።

«ከመሄዱ በፊት ማየት የምትፈልጉት ነገር ካለ ልክፈትላችሁ ብዬ ነው» ብላ ነበር።

ፎቶ አልተገኘበትም። የተገኘው ጨዋታው ነው፤ ልጅቷ ሆስፒታል ልትገባ ስትል እንዳቆመችው። ጥቁር መደብ፣ በሰረዝ የተሠሩ ግድግዳዎች፣ በነጥብ የተሞላ ወለል፤ መሀል ላይ ደግሞ ኢሜይል አድራሻ ውስጥ የምትገባው ያቺ ጠምዛዛ ምልክት ብቻዋን ቆማለች።

«ይቺ ማን ናት?» አለ ቀያሹ።

«እሷ ናት። ማለቴ… ጨዋታው ውስጥ እሷን ሆና የምትሄደው። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ናት። ፎቅ ስልዎት ወደ ታች ነው፤ ጉድጓድ በሉት። በየፎቁ ክፍል አለ፣ መተላለፊያ አለ፣ ሰው የሚበላ አውሬ አለ። ደረጃ ፈልጎ መውረድ ነው ሥራው። ጤናዋ ከስድሳ አንዱ ስድስት ብቻ ቀርቷል።»

«ብትሞትስ?»

«ሞተች ነዋ። ሌላው ጌም ላይ ቢሞቱም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እዚህ ሞት ሞት ነው። የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ ጉድጓዱም እንደ አዲስ ይቆፈራል።»

ከስክሪኑ ግርጌ ስሟ ተጽፏል። ችካል ይላል።

ስሙን ያወጣው እሱ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ሥራ ይዟት ይሄድ ነበር። መለኪያውን ዘንግ አስይዞ ነጥብ ላይ ያቆማታል፤ ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ በመሣሪያው ያያታል። አዋቂዎቹ ረዳቶች ያዛጋሉ፣ ዘንጉን ይደገፋሉ፣ ይቀመጣሉ። እሷ ንቅንቅ አትልም። አንድ ቀን ልኬቱን ጨርሶ ከሾፌሩ ጋር ጨዋታ ያዘና ረሳት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲሄድ እዚያው ነጥብ ላይ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጋ፣ ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ ቆማለች። «አባ፣ በቃ አላልከኝም እኮ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ችካል ሆነች። ስታድግ በሰው ፊት እንዳይጠራት ስለከለከለችው ስሙን የጠላችው መስሎት ነበር።

ጨዋታውንም ቢሆን አያውቀውም ማለት አይቻልም። «አባ፣ ና አንድ ቀን ላስጀምርህ። ላንተ የተሠራ ነው የሚመስለው» ትለው ነበር። እሱ ደግሞ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «የሌለ ጉድጓድ ልለካ?» ይላታል። ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች። አሁን ሦስቱንም ያስታውሳል፤ ሦስተኛው ላይ ወንበር እንኳ ስባ አጠገቧ አድርጋለት ነበር።

«አስጀምሪኝ እስቲ» አለ ለድምቡሼ።

በሌላ ስም ከጀመሩ የልጅቷ እንደማይነካ ነገረችውና ጋሼ የሚል ስም ጽፋ አስገባችው። እሱም ተነስቶ ባለ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ አመጣ። እያንዳንዱን ግድግዳ በእርምጃ ቆጥሮ ነደፈ። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ መተላለፊያ፤ ማዕዘኑ የማይገጥም ሲመስለው ተመልሶ ለካ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመጀመሪያው ፎቅ አልወረደም። ርቦሃል የሚለውን ማስጠንቀቂያ አይቶት ነበር፤ አንዲት ጥግ ስለቀረችው ግን ልጨርሳት አለ። ድምቡሼ ሞቱ ያለችው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ካርታው እኮ ምንም አያደርግም። ጉድጓዱ ይለወጣል ብዬዎታለሁ።»

«ታዲያ ሰው ሁለተኛ ሲገባ ምን ይዞ ነው የሚገባው?»

«በፊት ምን እንደገደለው። ሌላ ምንም።» አለችና አንድ ነገር ትዝ አላት። «ቆይ፣ የሟቾቹን ዝርዝር ላሳይዎት።»

ዝርዝሩ ረጅም ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ችካል፣ እያንዳንዷ በየት ፎቅ በምን እንደሞተች። ድምቡሼ ወደ መጀመሪያዎቹ ስትደርስ ሳቅ አፈናት፤ ሳቋን ለመያዝ አፏን ስትሸፍን ዕንባዋ ቀደማት። ችካል፣ አንደኛ ፎቅ፣ በረሃብ። ችካል፣ አንደኛ ፎቅ፣ በረሃብ። እንዲህ እያለ ሰባት ጊዜ።

«ጥግ ሳትጨርስ አትወርድም ነበር። በረሃብ የሚሞት ጀማሪ እኮ የለም፤ ሁሉም እየሮጠ ሄዶ አውሬ ነው የሚበላው። ስንት ጊዜ ስቄባታለሁ። ለካ ከቤት ያመጣችው ነው።»

ቀያሹ አልሳቀም። ልጁ ችኩል ናት ብሎ ያምን ነበር፤ ቶሎ የምትናገር፣ ቶሎ የምትወስን፣ አንድ ሥራ ላይ ዓይኗ የማይረጋ። ይህንንም ፊት ለፊት ነግሯት ያውቃል። አሁን አፈረ።

«ችኩል አልነበረችም ማለት ነው» አለ።

«እሷ? የራሷን ደም በማይክሮስኮፕ ያየችው እሷ ናት እኮ። ወደኔ ዞር ብላ “ይኼ የኔ ነው፤ አንቺም እይና ፈርሚበት፣ ሁለት ፊርማ ያስፈልገዋል” ነው ያለችኝ። እኔ ነኝ የደነገጥኩት።»

ይህን አልሰማም ነበር። ለወላጆቿ የነገረቻቸው በሽታውን ሐኪም እንዳገኘው አድርጋ ነው።

ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሁሉም ሞተች ይላል።

«ከዚህ የሚወጣ የለም?»

«መውጣትማ ይቻላል። በወረዱበት ደረጃ ተመልሶ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ መጀመሪያ በገቡበት መውጣት ነው። ግን ማንም አያደርገውም። ያኔ ጨዋታው ያልቃል፤ እኛ ፈሪ ነው የምንለው።»

«እኛ ተዘጋ ነው የምንለው» አለ ቀያሹ። «ልኬት ከአንድ ነጥብ ይነሳል፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነጥብ ላይ ካልተዘጋ ልኬት አይደለም። ወረቀቱን ይቀድዱታል።»

ችካልን ሊያወጣት እንዳሰበ ድምቡሼ ገባት። «ጋሼ፣ ስድስት ብቻ እኮ ነው የቀራት። ስንቅም የላትም። እኔ አልነካትም፤ ብገድላትስ?»

«እኔ እማራለሁ። ሁለት ቀን አለን።»

በማግስቱ ሚስቱ ገብታ ከኋላው ቆመች። ዓይኗ አብጧል። ስድስት ወንበር ሙሉ ለቅሶኛ ብቻዋን ስታስተናግድ ነው የዋለችው።

«ሰው እየጠየቀኝ ነው። የት ሄደ ይሉኛል።»

«እዚህ ነው በያቸው።»

«እዚህ መሆንህን ያውቃሉ። የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ጢጥ ጢጥ ይላል።»

ቀያሹ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። በሆስፒታሉ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ልጅቷ «ቤት ውሰዱኝ» ብላ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ድምጿን ሳታነሳ። እናቷ ልብሷን ወዲያው መሰብሰብ ጀመረች። እሱ ግን የሐኪሙን ወረቀት ይዞ «ሕክምናውን ጀምረነዋል፤ ሰባት ቀን ነው የቀረው፣ ይጨረስ» አለ። ሚስቱ የሰበሰበችውን ልብስ መልሳ ሰቀለች። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ በቃ እስክትባል ቆመች። በአምስተኛው ቀን እዚያው አልጋ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ቀያሹ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም፤ ሞቷ አንድ ሐዘን ነው፣ እዚያ መሞቷ ሌላ።

ያን ቀን ዘጠኝ ጊዜ ሞተ። የበሰበሰ ሥጋ በልቶ ሞተ። ሰፊ ክፍል መሀል ቆሞ ተከቦ ሞተ፤ ስለዚህ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሆኖ አንድ በአንድ መግጠም ተማረ። ውድ ነገር አይቶ ወደ ጥግ ሄደና ሞተ። እየዳነ ሲሄድ በደስታ ተዘናግቶ ሞተ። እያንዳንዱን በዚያ ባለ ካሬ ወረቀት ጀርባ መዘገበ። ድምቡሼ ከሥራ መልስ መጥታ ስታነበው «ይኼ ከኛ ላቦራቶሪ መዝገብ ይሻላል» አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የልጅቷን ጨዋታ ከፈተ።

ዘጠነኛው ፎቅ ላይ እስከ ደረጃው አርባ እርምጃ ነበር። አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ድምቡሼ ከጀርባው ወንበር ላይ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። ስምንተኛው ፎቅ ሲገለጥ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ ልጅቷ ስትወርድ ያየችው ሁሉ ባለበት ተነድፏል። አንድ የጎደለ ግድግዳ የለም። ሰባተኛውም እንዲሁ፤ ስድስተኛውም። ቀያሹ በልጁ ካርታ ላይ እየተራመደ መንገድ መፈለግ አላስፈለገውም። እንዲህ ንጹሕ አድርጎ የሠራ ረዳት ኖሮት አያውቅም፤ ይህንን አንድ ቀን እንኳ አልነገራትም ነበር።

አራተኛው ፎቅ ላይ አይጥ መሳይ ነገር ተከተላት። ቀያሹ ወደ መተላለፊያው አስገብቷት ፊቷን ወደ አይጡ አዞረ። ጤናዋ ወደ አራት ወረደ፣ ወደ ሁለት።

«ይሩጡ ጋሼ።»

«መሮጥ ሁለቴ ገድሎኛል» አለና መታ። አይጡ ሞተ። መዳፉ ረጥቦ ስለነበር በሱሪው ጠረገው።

አንደኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቀደም ብሎ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ከለቅሶኞቹ ጋር ሻይ ይዟል። ቀያሹ የመጨረሻውን ደረጃ ረገጠና ወደ ላይ የሚለውን ተጫነ። ጨዋታው አንድ ጥያቄ አመጣ፤ ከወጣሽ መመለስ የለም፣ ትወጫለሽ ወይ ይላል።

ቀያሹ ተነስቶ ወደ ሳሎኑ በር ሄደ። ወሬው ቀጥ አለ።

«ነይ እስቲ» አላት ሚስቱን።

«ሰው ተቀምጧል።»

«ይቀመጥ።»

ገባች። ድምቡሼ ወንበሯን ለቀቀችና ግድግዳው ጋ ቆመች። ሚስቱ ስክሪኑን አየች፣ ግርጌው ላይ ያለውን ስም አነበበች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ከታች ነው ያመጣናት። በሩ ላይ ናት። ትውጣ ወይ ብሎ እየጠየቀ ነው።»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የምትወስነው አንተ አይደለህ?» አለችው። ቁጣ የለበትም ነበር፤ የለመደችውን ነው የተናገረችው።

«አንቺ ነበርሽ ልክ» አለ ቀያሹ። «እንውሰዳት ስትይ ልክ ነበርሽ። እዚያ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሚስቱ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች።

«የቱን ነው?»

አሳያት። በሌባ ጣቷ፣ እንደ በር ደወል ተጭና ያዘችው። ስክሪኑ ጠቆረና ዝርዝሩ ተመልሶ መጣ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ችካልና ከጋሼ ሞቶች ሥር አንድ አዲስ መስመር ተጨምሯል፤ ችካል፣ በሕይወት ወጣች።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ የለም። አለቀ።»

የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሩ ላይ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምቡሼ ትንሽ እንዲቆይ በእጇ ምልክት ሰጠችው። እናትየው መስመሩን ደግማ አነበበች፤ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አላነሳችም። ባልየውም አንሺ አላላትም።